ከመቶ አራቱ

«ብቻ ለልጄ እንዳትነግሪያት» የሚለው የእናቷ ድምጽ ከማእድ ቤት መጣ። ቀለሜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበረች፤ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ውኃውን ዘጋችው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው፤ ማንኪያ ሲወድቅ የሻይ ይሁን የሾርባ ከወዲህ ይታወቃል። ቀጥሎ የተሰማው የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ፊት ለፊት ባለው በር ሲሆን ምድር ቤት ወዳለችው ሱቋ ከመውረዷ በፊት ጠዋት ጠዋት ብቅ ትላለች። ቀለሜ እስከ ዛሬ ድረስ ስኳር ልትበደር የምትመጣ ይመስላት ነበር።

«ምን ብዬ እነግራታለሁ እትዬ? ይልቅ መነጽርዎን ያድርጉና ይዩት፤ የሐሙሱ ተይዞልዎታል። የደም ግፊቱ፣ አራት ሰዓት ተኩል። ከአንደኛ ፎቁ ሽማግሌ ጋር አከታትዬ ነው የያዝኩት፤ ደግፈውዎት ይሄዳሉ።»

«እሳቸው? እሳቸው እኮ ራሳቸው ደጋፊ የሚሹ ናቸው።»

«እንግዲህ ተደጋግፋችሁ ሂዱ። በኔ ስልክ የምይዝላችሁ አሥራ አንድ ሆናችኋል እኮ እትዬ፤ ትንሽ ከቆየሁ ሱቄ በር ላይ ‹ዶክተር› ብዬ መለጠፌ አይቀርም።»

«አራት ጊዜ አስተማረችኝ» አለች እናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አራቴም ገባኝ አልኳት። ምን ላድርግ? ልጄ ቀን ሙሉ ደክማ የምትሠራውን ነገር አይገባኝም ልበላት?»

ቀለሜ አረፋውን ተፋች። እውነቱ ይነገር ከተባለ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን ሳይሆን የባለሙያ ቅሬታ ነበር። ስምንት ዓመት በዲዛይነርነት የሠራችበት ድርጅት የሐኪም ቀጠሮ በስልክ የሚያዝበት መተግበሪያ ይሠራል። ከከተማው ክሊኒኮች አብዛኞቹ በመስኮት ቀጠሮ መስጠት ትተው ወደዚያ ገብተዋል። በስልክ ያልያዘ ሰው አይባረርም፤ ሰልፉ ሲያልቅ ይስተናገዳል፤ ሰልፉ ደግሞ አያልቅም። የዚያን መተግበሪያ የፊደል መጠን የመረጠችው፣ ቁልፎቹን ለአውራ ጣት እንዲመቹ አድርጋ የሳለችው፣ «ለእናቴ ካልገባት አይወጣም» እያለች በየስብሰባው የተሟገተችው እሷ ናት። እናቷን ለምስክርነት ያልጠራችበት ስብሰባ የለም። ምስክሯ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ በሐሰት ስትመሰክር ኖራለች።

ሌላው ስሜት ዘግይቶ የመጣው ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ ሲላት ነው። ሦስት ወር በሙከራ ፕሮዳክት ማናጀርነት ሠርታለች፤ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወይ ሹመቱ ይጸናላታል፣ ወይ ወደ ቀድሞ ወንበሯ ትመለሳለች፤ የቀድሞ ወንበሯ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። ዳይሬክተሩ ለፈተና ያህል አንድ ነገር ብቻ ጠይቋት ነበር፤ ከአዲሱ እትም በፊት ከመተግበሪያው የሚወጣ አንድ ገጽ እንድትመርጥ። መርጣለች። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ለሌላ ሰው ያዝ» የሚባለው ገጽ ነው፤ አንድ ሰው በራሱ ስልክ የሌላውን ቀጠሮ የሚይዝበት። ለፕሮግራመሮቹ ሥራ ያበዛል፣ ክሊኒኮቹ በስም ስህተት ያማርሩበታል፣ የሚከፍቱትም ከመቶ ደንበኛ አራቱ ብቻ ናቸው። ገጹን ከአራት ዓመት በፊት የሳለችው ራሷ ስለሆነች ምርጫዋ እንደ ጀግንነት እንደሚቆጠርላት ተማምናለች። የገዛ ሥራውን የሚቆርጥ ዲዛይነር፣ ዲዛይነርነቱ ለቆታል ማለት ነውና።

ወደ ማእድ ቤት ስትገባ ሁለቱ ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ መናር እያወሩ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል። እናቷ ሻይ ቀዳችላት፣ ዳቦ ቆረጠችላት፣ ዓይኗን ግን ከዳቦው አላነሳችም። ሽንኩርቱ ሲያልቅባቸው ልብስ ሰፊዋ ወደ ቀለሜ ዞረች።

«ዛሬ ነው አሉ ሹመትሽ። ማናጀር ልትሆኚልን ነው።»

«ገና ነው። ከሰዓት ነው የሚለየው።»

«ስንት ሰው ታዣለሽ?»

«ማንንም። ፕሮዳክት ማናጀር ሰው አያዝም፤ ሥራውን ነው የሚመራው።»

ልብስ ሰፊዋ አሰበችበት። «እንደኔ በይኛ። እኔም ማንንም አላዝም፤ ሱሪው አጠረ ሲባል ግን የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።»

ቀለሜ ድርጅቱ ከፍሎላት ሁለት ቀን በሠለጠነችበት አዳራሽ ውስጥ ሥራውን በዚህ ልክ ያስረዳ አንድም ሰው አልነበረም። እናቷ «ይቅናሽ» አለቻት። ሰምቻችኋለሁ ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ቀለሜ ግን ዳቦዋን ጨረሰች፣ ብርጭቆዋን አጠበች፣ ጃኬቷን ለበሰች። በሩን ስትዘጋ የሽንኩርቱ ወሬ ካቆመበት ቀጠለ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ የራሷ ጠበቃ ሆነች። አሥራ አንድ ሰው ማለት አንድ ሕንጻ ነው። አንድ ሕንጻ ከተማ አይደለም። የጎረቤት ወሬ ዳታ አይባልም። ይህቺኛዋ አባባል ለሷ አዲስ አይደለችም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ባመጣች ቁጥር አፏን የዘጉባት በሷ ነው። ያኔ እንዴት ያለ የድንቁርና ንግግር ትመስላት እንደነበር ታስታውሳለች። ዛሬ ግን፣ አንድ እጇ የአውቶቡሱን ብረት አንድ እጇ ቦርሳዋን ይዞ ስታስበው፣ ነገሩ ቁም ነገር ያለው ሆኖ አገኘችው።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሃል ላይ ሁሉም እንዲተያይበት ተብሎ የተሠራ የመስታወት ስብሰባ ክፍል አለ፤ መስታወቱ በባለቀለም ወረቀት ስለተለጣጠፈ ማንም ማንንም አያይም። ወረቀቶቹ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሏል፤ ከንጉሡ ጋር ተቀምጦ ያወራ ሰው ግን ቢሮው ውስጥ አይገኝም። ዲዛይነሮቹ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል ተብሎ መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። የፕሮዳክት ማናጀሯ ወንበር ከስብሰባው ክፍል በር አጠገብ ነው፤ በቀን ስድስት ጊዜ ትገባበታለች። ርቀቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ቀለሜ ዘጠኙን እርምጃ ስትራመድ እርሳሷን ተቀብለው ሠንጠረዥ ሰጧት። መስኮቱ ሥር ሳለች በር አጠገብ ያለውን ወንበር ሳታማ የዋለችበት ቀን አልነበረም፤ «እኛ እንስላለን፣ እነሱ ይቆርጣሉ» ትል ነበር፤ «ማናጀር ማለት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሰላምታ የሚያመላልስ ፖስተኛ ነው» ትል ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የተማረችው አዲስ ነገር ቢኖር፣ ከበሩ በኩል ሲታዩ ዲዛይነሮች በጣም የሚያወሩ ሰዎች መሆናቸውን ነው።

ጃኬቷን ሳታወልቅ ተተኪዋ ጠራቻት። ተተኪዋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀለሜ ራሷ ነች ያስቀጠረቻት። ስክሪኗ ላይ «ለሌላ ሰው ያዝ» ተከፍቷል፤ ከጎኑ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ አለ።

«እስቲ እዪልኝ። ሊወጣ ይችላል ሲባል ሰምቼ፣ ሳይወጣ እንዴት ሊቀል እንደሚችል ነው የሞከርኩት። አምስቱን ጥያቄ ሁለት አደረግሁት፤ የስም ስህተቱም ይቀራል። ምክንያቱን ጎን ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከመወሰንሽ በፊት ብታነቢው ብዬ ነው።»

ቀለሜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇ ሳታዘው ወደ ማውሱ ሄደ። ቁልፉ ከጽሑፉ ጋር ተጣብቋል፤ አራቀችው። ግራጫው ከብዷል፤ አፈካችው። የርዕሱን ፊደል በአንድ ቁጥር ቀነሰች፣ ራቅ ብላ አየችው፣ መልሳ ጨመረችው። ሃያ ደቂቃ እንዲህ አለፈ፤ እስከ አንገቷ ድረስ ደስ አላት። የሷ ሥራ ገጹ ይኑር ወይስ ይውጣ ብሎ መቁረጥ ነው፤ እሷ ግን ልታወጣው የፈረደችበትን ገጽ ቁጭ ብላ ታስውባለች፣ ሊቀበር የተገነዘ ሰው ጺሙን እንደሚከረክሙለት።

«ወንበሩንስ ለቀሽልኝ ነበር» አለች ልጅቷ በመጨረሻ ፈገግ ብላ፤ «እጅሽ ነው የቀረው። ጎን ያለውን አነበብሽው?»

አላነበበችውም። አሁን አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ የቆጠርነው ገጹን የሚከፍቱትን ሰዎች ነው፤ በገጹ የሚታከሙትንስ ቆጥረናል ወይ ይላል። ቀለሜ የልብስ ሰፊዋን ሳቅ ድጋሚ የሰማች መሰላት። ተነሥታ ወደ ፕሮግራመሩ ሄደች።

ፕሮግራመሩን ቢሮው ሁሉ «አይቻልም» እያለ ይጠራዋል። ለማንኛውም ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱ ይህ ነው፤ ሁለተኛ መልሱ ተሠርቶ ያለቀ ሥራ ነው። ሰዎች የመጀመሪያውን ሰምተው ስለሚሄዱ ስሙ ጸንቶ ቀረ።

«ከመቶ ቀጠሮ ስንቱ ነው በዚያ ገጽ የሚያዘው?» አለችው።

«አይቻልም። የቆጠርነው ሰው ነው፤ ቀጠሮ አልቆጠርንም።»

«ለምን?»

«ማን ጠይቆን?»

አልሄደችም፤ አጠገቡ ቆመች። እሱም ተነፈሰና ቁልፎቹን መደብደብ ጀመረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ወንበሩ ጀርባ ተለጠጠ።

«ሠላሳ አንድ» አለ። «ከመቶ ቀጠሮ ሠላሳ አንዱ። ሦስቴ ነው የቆጠርኩት። እንዲያውም አንዷ ብቻዋን በወር አሥራ ስድስት ትይዛለች። ይቺ ሴትዮ ታማሚ ናት ወይስ ክሊኒክ?»

«ልብስ ሰፊ ናት።»

እንደ ቀልድ ቆጥሮት ሳቀ።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ እናቷ ዘንድ ደወለች። ምን ልትል እንደደወለች ቁርጥ አላደረገችም። ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እናት በልቻለሁ አለች፤ አንቺስ አለች፤ እበላለሁ አለች ቀለሜ። ከእናቷ ድምጽ ኋላ የልብስ ስፌት ማሽን ይሰማል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል።

«የት ነሽ እማዬ?»

«ቤት ነኛ። የት እሄዳለሁ?» ማሽኑ ቀጥ አለ።

«የሐሙሱን ቀጠሮ ያዝሽ?»

«ያዝኩት። ልክ እንዳሳየሽኝ አድርጌ።»

ደረጃው ላይ አንድ ሰው ከነሳህኑ አልፏት ወረደ። ቀለሜ ጉልበቷን ሰብስባ አሳለፈችው። ከስልኩ ማዶ ሁለት ሴቶች ትንፋሻቸውን ውጠው እንደሚጠብቁ ታውቃለች።

«ጎበዝ» አለች። ስልኩን መጀመሪያ ማን እንደዘጋው አልታወቀም።

አሥር ሰዓት ላይ የመስታወቱ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ዳይሬክተሩ፣ አይቻልም፣ ተተኪዋና እሷ። ዳይሬክተሩ «ባጭሩ» ይባላል፤ «ባጭሩ» ሳይል አይጀምርም፣ ከጀመረም አያሳጥርም። ለሃያ አምስት ደቂቃ ባጭሩ አስረዳ። የድርጅቱ ባለቤቶች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ወር ስንት አዲስ ሰው መተግበሪያውን ስልኩ ላይ ጫነ። መልሱን የሚያሳየው መስመር ለስድስት ወር ተጋድሞ ከርሟል። ግድግዳው ላይ አበራው፤ እውነትም ተጋድሟል። መስመሩ ቀና እንዲል የሚያደርግ ሰው ያስፈልገኛል አለ፤ ቆራጥ ሰው፤ ወንድ ይሁን ሴት ግድ የለኝም፣ የሚቆርጥ ይሁን። ከዚያ ወደ ቀለሜ ዞረ። «እስቲ የቆረጥሽውን አሳይን።»

ቀለሜ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አላወጣችውም። ምርጫዬን ቀይሬያለሁ አለች። ከመቶ ሰው አራቱ ነው የሚከፍቱት የሚለው እውነት ነው፤ ግን ከመቶ ቀጠሮ ሠላሳ አንዱ የሚያዘው በነሱ ነው። እነዚህ አራት ሰዎች ለራሳቸው አይደለም የሚይዙት፤ ከኋላቸው የሚያይ ዓይን ወይም የሚታዘዝ ጣት የሌለው ሰው አለ። ገጹ ከወጣ እነዚያ ሰዎች የሚሄዱት ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው። ስለ እናቷ አላነሳችም፤ እናቷን ሳትጠራ የተናገረችበት የመጀመሪያው ስብሰባ ይህ ነበር፤ ከሁሉም የተሻለ የተናገረችውም በዚህ ነው። ተተኪዋ ብዕሯን አስቀምጣ ታያታለች። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀለሜ ወንበሩን ብታጣም ግድ የሌላት ሰው ነበረች። አንድ ደቂቃ ጥቂት አይደለም፤ ያን ያህል እንኳ የማይሞላላቸው አሉ።

ዳይሬክተሩ ተነሥቶ ብዕር አነሣና ሰሌዳው ላይ «31» ብሎ ጻፈ። ሁለቴ ከበበው።

«ቆይ፣ ቆይ። ሠላሳ አንድ?» አለ። «ይሄማ እነዚህ አራቱ ሰዎች ደንበኞቻችንን አፍነው ይዘውብናል ማለት ነው! ከያንዳንዳቸው ጀርባ ስምንት፣ አሥር ሰው አለ፤ አፑን ያልጫነ። ለምን ይጫን? ሌላ ሰው እየያዘለት! ገጹን ዝጊው፣ ሁሉም በየራሱ ይመጣል።»

በዚያ ዓመት ካደረጋቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ ይህ ነበር።

«ግን እኮ» አለች ተተኪዋ፣ «ራሳቸው መያዝ ስለማይችሉ ነው በሰው የሚያስይዙት።»

«ይማሩዋ! ሰው የማይማረው ነገር አለ? አስተምሯቸው።» ወደ ቀለሜ ዞረ፤ ፊቱ በርቷል። «ከፕሮዳክት ማናጀር የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ስድስት ወር ስንፈልገው የከረምነውን አንቺ በአንድ ቀን ቆፍረሽ አመጣሽው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ለባለቤቶቹ ነገ ጠዋት የምልከው ነው። ከነዚህ ሰዎች ከመቶ ስንቱ በራሱ ይመጣል? ግምት ይበቃኛል።»

ቀለሜ ከአሥራ አንዱ አምስቱ እነማን እንደሆኑ አታጣውም። የአንደኛ ፎቁ ሽማግሌ ብርጭቆ ሲያነሡ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ይቀራል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ባልቴት ስልካቸው መተግበሪያ የማይጫንበት፣ ባለ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለመደወል እንኳ ቁጥሩን በቃል ይዘው ነው። ከላያቸው የሚኖሩት ባልና ሚስት አንዱ ያያል፣ አንዷ ትሰማለች፤ ሁለቱ ተዳምረው አንድ ደንበኛ ይወጣቸው እንደሆነ እንጃ። አምስተኛዋ እናቷ ናት፤ አራት ጊዜ የተማረችው። ትክክለኛው ግምት ዜሮ ነበር። ዜሮ ደግሞ ራሱ ቁጥር ነው፤ ለመናገርም ከሌሎቹ አይከብድም። በወረቀቶቹ መሃል ባለው ክፍተት መስኮቱ ሥር ያለው የድሮ ወንበሯ ይታያል፤ ጀርባው ላይ የልጅቷ ሹራብ ተንጠልጥሏል።

«አርባ» አለች።

«ከየት የመጣ አርባ ነው?» አለ አይቻልም። የጠየቀው እሱ ብቻ ነው።

«ከልምድ።»

ሠላሳ ፈሪ ያስመስላል፣ ሃምሳ ያጋነኑት ይመስላል፤ አርባ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ከሠላሳ አንዱ ጎን ሲጻፍ ቦታውን ሞልቶ ያምር ነበር። ዳይሬክተሩ ጻፈው። እጇን ጨበጣት። አይቻልም ኮምፒውተሩን ከድኖ ወጣ። ተተኪዋ አንድ ገጽ ተኩሉን ጽሑፍ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ «ነገ አወጣዋለሁ» አለች፤ እንደ አለቃ ነበር ያነጋገረቻት። ቀለሜ ስለ ጽሑፉ አንድ ጥሩ ነገር ልትላት ፈልጋ አፏን ስትከፍት ልጅቷ በሩ ላይ ደርሳ ነበር።

የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ሁለት ደብዳቤ አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። ውጤቱን ስትሰማ አንደኛውን ቀደደችና ሌላኛውን ከብዕር ጋር አቀረበችላት። ቀለሜ ቆማ አነበበችው። ደመወዙ እንደተባለው ነው። ከሥሩ የሥራ ኃላፊነቶቿ በአራት መስመር ተዘርዝረዋል፤ የመጀመሪያው የምርቱን ዕድገት መምራት ይላል፤ ሁለተኛው በድርጅቱ ውስጥ የተጠቃሚውን ጥቅም ማስጠበቅ ይላል። ብዕሩን አነሣች፤ ሊነካ ሲል ከወረቀቱ በላይ ቆመ።

«ምነው? ደመወዙ ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«አይደለም። ሁለተኛው መስመር ወደ ውስጥ ገብቷል። ከሌሎቹ ጋር እኩል አይደለም።»

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም አልታያት። «ኧረ ተይ በናትሽ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። ማተሚያውን አጥፍቼዋለሁ።»

«እንዲህ ሆኖ አልፈርምም።»

የተናገረችው ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን ማንም ሊያስለውጣት እንደማይችል ያስታውቅ ነበር። ጸሐፊዋ ኮቷን መልሳ ሰቀለች፣ ማተሚያውን አበራች፣ እስኪሞቅ ድረስ ሁለቱም ድምጹን እየሰሙ ቆሙ። አዲሱ ወረቀት ትኩሱን ወጣ። ቀለሜ መስኮቱ አጠገብ ወሰደችው፣ የሥራ መታወቂያዋን ጠርዝ በመስመሮቹ ራስ ላይ ከላይ እስከ ታች አስጠግታ አየችው። አራቱም ልክ ናቸው።

«አሁንስ?»

«አሁን ተስተካከለ» አለችና ፈረመች።